ተከራዮች የሚጠቀሙበት ዋይፋይና ማዘዣ ያልያዙ ጠያቂዎች

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ግቢዬ ውስጥ ላሉ አራት ተከራዮች በስሜ የወጣውን ዋይፋይ አጋራለሁ። በቀደም ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች መጥተው ተከራዮቼ ኢንተርኔት ላይ ምን እንደሚከፍቱ ጠየቁኝ፤ ስልኬንም ከፍቼ እንዳሳያቸው ፈለጉ። ግዴታ አለብኝ? መንግሥትስ የምናየውን ሁሉ ያያል?

መልስ፦ በመርህ ደረጃ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ስልክዎን የመክፈት ግዴታ የለብዎትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ቤትና ንብረትን ብቻ ሳይሆን በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጠብቃል።

ተመልሰው ከመጡ መታወቂያ ይጠይቁ። ማዘዣ ካላቸው ተቀብለው ያንብቡት፦ ማኅተሙን፣ ቀኑን፣ የቤቱን አድራሻ፣ ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ዕቃ ተለይቶ መጻፉን። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33 መሠረት፣ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር ብርበራ ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው የሚካሄደው። አንቀጽ 32 ለአስቸኳይ ሁኔታ ያለ ማዘዣ መበርበርን ይፈቅዳል። ያን ጊዜ አይታገሉ፤ «አልፈቀድኩም» ብለው የመጡትን ሰዎች ስምና ሰዓቱን ይጻፉ። መልእክት ማጥፋትም ሆነ ራውተሩን ሪሴት ማድረግ ምርመራ እንደማደናቀፍ ሊቆጠርብዎት ይችላል።

ወደ ክትትሉ ስንመጣ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ ዳታን ለ1 ዓመት እንዲያቆይ ያዛል፦ ከየት ወደ የት፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ። ግንኙነትን በቀጥታ ለመከታተል መርማሪው የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልገዋል። ቁልፍ መሠረተ ልማትን የሚጎዳ ወንጀል ሲያሰጋና ጉዳዩ ሲያጣድፍ ግን ፍትሕ ሚኒስትሩ (በአዋጁ አጠራር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ፤ ሥልጣኑ ኋላ ወደ ሚኒስትሩ ተዛውሯል) ራሱ መፍቀድ ይችላል፤ ምክንያቱን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ያቀርባል። ይህ በር መጥበብ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ክትትል የሚደረግበት ሰው ስለማያውቅ መከራከር አይችልምና። ዋትሳፕ ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ በመንገድ ላይ ተመስጥሮ ስለሚሄድ አገልግሎት ሰጪው አያነበውም፤ በእጅ የተያዘ፣ የተከፈተ ስልክ ላይ ግን ሁሉም ይነበባል።

የእርስዎ ትልቁ ሥጋት ሌላ ነው። የአራቱም ተከራዮች ስልክ በአንድ ራውተር በኩል ስለሚወጣ ከውጭ ሲታይ አራቱም እርስዎ ናቸው፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም የእርስዎ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ላይ ለእንግዳ የሚሆን ሁለተኛ የዋይፋይ ስም (ጌስት ኔትወርክ) ከፍተው ተከራዮቹን ወደዚያ ያዙሩ፤ ይህ የእርስዎን መሣሪያዎች ከእነሱ ይለያል እንጂ ከውጭ የሚታየውን አይቀይርም፤ ተከራይ በለቀቀ ቁጥር ፓስወርዱን ይቀይሩ፤ በኪራይ ውሉም ላይ እያንዳንዱ ለራሱ አጠቃቀም ኃላፊ መሆኑን ያስፍሩ። ምን እንደሚከፍቱ ለማወቅ ብለው መሰለያ ፕሮግራም እንዳይጭኑ፤ የሌላን ሰው ግንኙነት መጥለፍ በዚሁ አዋጅ ወንጀል ነው። የማያውቁትን ሲጠየቁ «አላውቅም» ማለት በቂ ነው።

ስልኩ በማዘዣ ከተወሰደ የተፈረመበት ደረሰኝ ይቀበሉ። *#06# ሲደውሉ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ያ ቁጥር ደረሰኙ ላይ ካልሰፈረ የተወሰደው የእርስዎ ስልክ መሆኑን ኋላ ማስረዳት ይከብድዎታል።