ካርማን ጊያን በግቢ ውስጥ ማደስ፦ ከሞተሩ በፊት ላሜራው

ጥያቄውን ላላዩት ባጭሩ ላስቀምጠው። ጠያቂው ወንድማችን ጅማ ነው ያለው። ከአባቱ የወረሰው እ.ኤ.አ. የ1967 ሞዴል ካርማን ጊያ መኪና ግቢ ውስጥ፣ አቮካዶ ዛፍ ሥር ቆሞ ዓመታት አልፈዋል። ሞተሩ አይዞርም። ቦዲው ግን «ሲታይ ደህና ነው» ይላል። ዕቅዱ መጀመሪያ ሞተሩን ማውረድ፣ ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ወንበር ነው። ጋራዥ ሳላስገባ ቤቴ ልሠራው እችላለሁ ወይ? ብሎ ጠየቀ።

ትችላለህ ወንድሜ። እኔም የራሴን ጊያ እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ፣ ግቢዬ ውስጥ ነው ያደስኩት። ዕቅድህን ግን ገልብጠው። ሞተሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ካርማን ጊያ ከሥሩ ቮልስ ነው። ሞተሩ፣ ማርሹ፣ አብዛኛው የእግር ሥራው ከምታውቃት ቮልስ ጋር አንድ ነው። የቮልስ ዕቃ ደግሞ አገራችን ውስጥ አይጠፋም። አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ መጠየቅ ነው። የቮልስ ሞተር እጁ ላይ ያለ መካኒክም ጅማ ውስጥ አታጣም። ቦዲው ግን ሌላ ነው። ንድፉ ጊያ የሚባለው የጣሊያን የንድፍ ድርጅት፣ ሥራው ጀርመን ኦስናብሩክ ከተማ የነበረው የካርማን ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ለሕዝብ ታየ፣ እስከ 1974 ተሠራ። ቮልስ ላይ ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ) ቢጎዳ ቡሎኖቹን ፈተህ ሌላ ትገጥማለህ። ጊያ ላይ የሚፈታ ፓራፋንጎ የለም። ከአፍንጫው እስከ በሩ የተለያዩ ላሜራዎች ጫፍ ለጫፍ ተበይደው፣ መጋጠሚያው በእርሳስና በቆርቆሮ ቅልቅል ተሞልቶ፣ በእጅ ተሞርዶ ነው እንዲህ ወጥ የሆነው። ውበቱም ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ሞተር ይገዛል። ይሄ ላሜራ አይገዛም። ስለዚህ ያለህን ገንዘብ፣ ጊዜና ትዕግሥት መጀመሪያ ለላሜራው ስጠው።

ጅማ ደግሞ ለላሜራ ከባድ ከተማ ነች። ዝናቡን ታውቀዋለህ፣ ክረምቱ ገና ሳይገባ ይጀምራል። ቀዩ አፈራችን አንዴ ከታች ባለው ክፍተት ከተጠቀጠቀ እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። የአቮካዶው ቅጠል ከኋላ ባለው የሞተር ክዳን ወንፊት ላይና የመስታወቱ ጥግ ላይ ተከማችቶ ይበሰብሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራህ ከመኪናው ውጭ ነው። ከዛፉ ሥር አውጣው። በባሕር ዛፍ ቋሚና በቆርቆሮ ጣሪያ ሥራለት። ጎኑ ክፍት ይሁን፣ አየር ይግባ። ሸራ ወይም ላስቲክ ቦዲው ላይ አታልብስ። ከሥሩ ያለውን እርጥበት አፍኖ ይይዘዋል፣ ከዝናቡ የባሰ ያበላሸዋል። ወለሉ አፈር ከሆነ ጠጠር አፍስስበት፣ ከተቻለም ሲሚንቶ አድርገው። እርጥበት ከላይ ብቻ አይመጣም።

መኪናውን ከፍ ስታደርግ አንድ ነገር አደራ። በብሎኬት አትደግፈው። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው። ክሪክ ብቻውንም አይታመንም። የብረት መቆሚያ ከሌለህ ወፍራም ጣውላ አነባብረህ ሥራ። አራቱም ጥግ ሳይረጋ ከሥሩ አትግባ።

አሁን «ሲታይ ደህና ነው» ወዳልከው እንምጣ። ጊያ ሲታይ ሁሌም ደህና ነው። ምንጣፉን በሙሉ አንሳ። ካቻቢቴ ያዝና ወለሉን ወጋ ወጋ እያደረግክ ሂድ። ጤነኛ ላሜራ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ካቻቢቴውን ይውጠዋል። ከዚያ የባትሪውን ቦታ እይ። ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፣ ጊያ ላይ ግን ሞተሩ ክፍል ውስጥ በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው። አሲዱ የሚያርፍበትን ላሜራ ይበላል፣ ከክዳኑ ወንፊት የሚገባው ዝናብ ያግዘዋል። ቀጥሎ ከበሮቹ ሥር በሁለቱም ጎን የሚሄደውን ረጅም ሳጥን ፈትሽ። ሙቀት ከሞተር ወደ ፊት የሚያልፍበት ነው፣ የመኪናውን ጥንካሬም ከያዙት አንዱ ነው። ከዚያ ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ፣ የፊት መብራቶቹን ጀርባና የአፍንጫውን የታች ክፍል እይ።

ስቱኮ (የቦዲ መሙያ ልስን) የተለሰነበትን ለማወቅ ማግኔት ተጠቀም። ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ቦዲው ላይ አንሸራት። የማይዝበት ቦታ ላሜራው አልቋል ማለት ላይሆን ይችላል። የፋብሪካው የእርሳስ መሙያም ማግኔት አይዝም። መጋጠሚያው ባለበት መስመር ላይ፣ በሁለቱም ጎን እኩል ካልያዘ ምናልባት የፋብሪካው ነው። አንድ ጎን ብቻ ሰፊ ቦታ ላይ ካልያዘ ስቱኮ ነው። ይሄን ሳያውቁ ጤነኛውን መጋጠሚያ በግራይንደር የሚያወርዱ አሉ። እባክህ እንዳታስነካው። እርሳሱን መንካት ግድ ከሆነም በሞረድ ብቻ፣ አፍና አፍንጫህን በደንብ ሸፍነህ፣ ልጆች በሌሉበት። የእርሳስ ብናኝ መርዝ ነው።

አሁን ዋናው ፈተና። አንዱን በር ክፈትና መኪናውን ከጎኑ በኩል መሃል ላይ በክሪክ ቀስ አድርገህ ከፍ አድርገው። ከዚያ በሩን ለመዝጋት ሞክር። አልገጥም ካለ ያ ከሥር ያልኩህ ሳጥን ደክሟል። እንዲህ ከሆነ ምንም ከመቁረጥህ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ቱቦ ደግፈህ በይደው። ከፊት ምሰሶው ወደ ኋላው፣ አንዱን አግድም፣ አንዱን ሰያፍ። ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ አትቁረጥ። አንዱ ጎን አልቆ፣ በሩ በትክክል ተዘግቶ ከታየ በኋላ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው።

ቦዲውን ከሻንሲው ለያይተህ ማንሳት እንዳለብህ የሚነግሩህ ይኖራሉ። በቡሎን የተያያዘ ስለሆነ ይቻላል። ግን ሊፍት በሌለበት ግቢ ውስጥ የደከመ ቦዲ ብታነሳ ይጣመማል። ወለሉን ሳይነሳ አንድ ጎን አንድ ጎን እያልክ መተካት ትችላለህ። እኔ እንዲህ ነው የሠራሁት፣ ዛሬም ሁለቱ በሮቼ በአንድ ጣት ይዘጋሉ።

ለብየዳው ጥሩ ባለሙያ ፈልግ፣ ግን ዘዴውን አንተ ምረጥ። ላሜራው አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ስስ ነው። በተራ ኤሌክትሪክ ብየዳ ይበሳል። በኦክስጅን ብየዳ ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ይጣመማል፣ ይሞገጋል፣ ከጎኑ ያለው እርሳስም ይቀልጣል። የሚግ ብየዳ (በሽቦና በጋዝ የሚበይደው) ያለው ሰው ይሻልሃል። ነጥብ በነጥብ ይበይድ። አንዱን እዚህ፣ አንዱን ራቅ አድርጎ፣ መሃል ላይ እያቀዘቀዘ። የሚቸኩል ከሆነ ሌላ ሰው ፈልግ። የበሰበሰ ላሜራ ላይ ሌላ ላሜራ ደርቦ መበየድም የለም። እርጥበቱ በሁለቱ መሃል ገብቶ ይቀጥላል። ጤነኛው ብረት እስኪመጣ ቆርጠህ፣ ልኩን ሞልተህ ነው።

አፍንጫው ላይ ጉዳት ካለ ደግሞ የጅማ ልጅ መሆንህ ይጠቅምሃል። ያ ክብ ቅርጽ እንደ ወለል በጠፍጣፋ ላሜራ አይሞላም። ጤነኛ ከሆነው ጎን በካርቶን ልክ ትወስዳለህ። ካርቶኑን በየጣት ስፋቱ ቆርጠህ፣ እያንዳንዱን ክፋይ ቦዲው ላይ አቁመህ፣ ጠርዙን ትስልበታለህ። ከዚያ ስታገለብጠው የተጎዳው ጎን ልክ ይሆናል። ይሄን ይዘህ እንጨት ጠራቢ ጋ ሂድ። የከተማችን እንጨት ሠራተኞች እጅ የታወቀ ነው፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ጠርቦ የሚያወጣ ሰው ይሄ አይከብደውም። ከጠንካራ እንጨት ቅርጹን ጠርቦ ይሰጥሃል። ላሜራውን እሱ ላይ አድርገህ፣ በእንጨት መዶሻ ከጠርዝ ወደ መሃል እየመታህ ታለምደዋለህ። ላሜራው ሲደርቅብህ በእሳት አግለህ በዝግታ እንዲበርድ ተወውና ቀጥል። የግራ መብራቴ ዙሪያ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። ከውጭ የሚመጣ ቁራጭ ብታገኝ እንኳ ቦታው ላይ ለማስማማት ይሄንኑ ሥራ መሥራትህ አይቀርም።

ከብየዳ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ጅማ ላይ ቀልድ አይደለም። ባዶ ብረት አንድ ሌሊት ካደረ በነጋታው ቀይ ብናኝ ታያለህ። የጸዳውን ክፍል በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር (ውሃ የማያስገባ የመሠረት ቀለም) ቀባው። ተራው ቀይ ፀረ ዝገት ቀለም ውሃ ያስገባል፣ እሱን ብቻ ቀብተህ አትቁም። ስቱኮ ካስፈለገ ከኢፖክሲው በላይ፣ ስስ አድርገህ። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል፣ ባዶ ብረት ላይ ከተለሰነ ከሥሩ ዝገት ይጀምራል። የሳጥኖቹን ውስጥ ሥራው ሲያልቅ በሰም ወይም በወፍራም ዘይት አርጥበው፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን ግን አትድፈን። የመጨረሻውን ቀለም ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ጊዜ ቀባው። በእርጥብ አየር የተረጨ ቀለም ይደበዝዛል፣ ነጭ ጭጋግ ያወጣል። ኮምፕሬሰሩ ላይም ውሃ ማጥለያ ይኑር።

ሁሉን ነገር ደግሞ በአንዴ አትበታትን። አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላው አይፈታ። የፈታኸውን ቡሎንና ሮንዴላ በየከረጢቱ ጻፍበት፣ ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ። የተበታተነ መኪና ያለውን ሰው ጓደኛውም ጎረቤቱም «ሽጠው» ይለዋል። ብዙ ጊያ የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ሞተሩን ባጭሩ ልንገርህ። ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻውን) አትምታበት። ካንዴላዎቹን አውጣ፣ በየቀዳዳው ናፍታና የሞተር ዘይት ቀላቅለህ ጨምር፣ ቀናት ስጠው። ከዚያ የታችኛውን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን) ቡሎን በ30 ቁልፍ ይዘህ ወዲያና ወዲህ በቀስታ ሞክር። አስገድደህ አታዙረው። ከተላቀቀ ፑሌጃውን በእጅህ ይዘህ ወደ ራስህ ሳብ፣ መልሰህ ግፋ። የሚሰማ ኳኳታ ካለ የክራንኩ መቀመጫ አልቋል ማለት ነው። ልኩ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው፣ 0.15 ካለፈ ሞተሩ መከፈት አለበት። ቫልቮቹን ቀዝቃዛ ሆኖ 0.15 አድርጋቸው። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይቀየር። ይሄ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው። ዙሪያውን የሚከቡት ላሜራዎችና ጎሚኒው በሙሉ ቦታቸው ላይ ይሁኑ። የአየር ማራገቢያው ቤት ውስጥ የአይጥ ጎጆና ቅጠል አለመኖሩን አረጋግጥ። በተለይ 3ኛው ሲሊንደር ቀድሞ ይሞቃል፣ የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩን ስለሚከልለው።

ካንዴላህ ጥቁር እየሆነ ካስቸገረህ ደግሞ ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኗን አስብ። አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካርቡራተሩ ላይ አነስ ያለ ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው) ሞክር። ጉልበቱም በየ100 ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ባለ 1500 ሲሲ ሞተር ከሆነ ሲወለድ 44 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። መልኩ የስፖርት መኪና ነው፣ እሽቅድምድም አትጠብቅበት።

ሁለት ነገር ግን ሳይሠራ ቁልፍ እንዳትነካ። አንደኛው የቤንዚን መስመር ነው። የድሮው ጎማ ቱቦ በሙሉ ይቀየር፣ በማሰሪያ ይጥበቅ። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበት የነሐስ ቱቦ ተጭኖ ብቻ ነው የተያዘው፣ ይወላልቃል። ከወለቀ ቤንዚኑ ትኩስ ሞተር ላይ ይፈሳል። ማጣሪያውን ሞተሩ ክፍል ውስጥ አታንጠልጥል፣ እሳት ማጥፊያም አጠገብህ ይኑር። የነዳጅ ታንኩን ማንም እንዳይበይደው። ሁለተኛው ፍሬን ነው። ፍሬን ማስተሩ፣ ጎማ ቱቦዎቹ፣ የየእግሩ ሲሊንደር፣ ሸራው፣ ዘይቱ፣ ሁሉም አዲስ። እዚህ ላይ «ትንሽ ይሠራል» የሚባል ነገር አይሰማም።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ሊብሬውን ፈልግ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ላይ ባለው ከፍታ ላይ ተመትቷል። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው ሥር ነው። ሁለቱን ከሊብሬው ጋር አመሳክር። የአባትህ ስም ላይ ካለ የወራሽነቱን ጉዳይ ወንድምና እህቶችህ ተስማምተው አሁኑኑ ይጨርሱ። መኪናው ካማረ በኋላ ጭቅጭቅ ይበዛል።

ስለ ቀለሙም ጠይቀሃል፣ ቀይ ልቀባው ወይስ የነበረውን? የነበረውን ፈልግለት። መብራቶቹን ስታወጣ ከጀርባቸው ወይም ከመሪው ሥር ያለው ላሜራ ላይ የፋብሪካው ቀለም ሳይነካ ታገኘዋለህ። አባትህ የነዳውን መኪና ነውና የምታድሰው፣ የእኔ ምርጫ ያ ነው።

የወለሉን፣ የባትሪውን ቦታና መብራቶቹን ከሥር አንስተህ ፎቶ ላክ። ማግኔትና ካቻቢቴ ይዤ ቅዳሜ ልመጣልህም እችላለሁ፣ ሰፈርህን ብቻ ንገረኝ።