ኪቦርዳችንን የሚመስል ኪቦርድ ወጣ፤ መክሰስ እንችላለን?

ጥያቄ፦ እኔና ባልደረባዬ በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ትንሽ ስክሪን ያለው፣ ተጠቃሚው ፊደሉንም ተግባሩንም እንደ ፍላጎቱ የሚቀያይርበት ኪቦርድ ነድፈን ምስሉን ይፋ ካደረግን ስምንት ወር ሆኖናል። እስካሁን ምንም አላስመዘገብንም። አሁን አንድ ተፎካካሪ ኩባንያ የእኛኑ የሚመስል ይዞ ብቅ ብሏል። ክስ ብንመሠርት ያዋጣናል?

መልስ፦ ንዴታችሁ ይገባኛል፤ ይሁንና የተመሳሰለው ምኑ እንደሆነ ሳይለዩ ፍርድ ቤት መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው።

በቁልፍ ላይ ስክሪን የማኖር ሐሳብ የእናንተም የእነሱም አይደለም። የሩሲያው አርት ሌቤዴቭ ስቱዲዮ ኦፕቲመስ የተባለውን ኪቦርድ ምስል ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በየቁልፉ የኦሌድ (ራሱ ብርሃን የሚሰጥ) ስክሪን ያለው ኦፕቲመስ ማክሲመስም በ2008 ገበያ ላይ ውሏል። «ሐሳባችንን ወሰዱብን» ብትሉ የተከሳሽ ጠበቃ ያንን ምስል ከፋይሉ መዞ ያቀርባል። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው።

የዕቃን መልክ የሚጠብቀውን የንድፍ መብት በተመለከተ፣ ቁልፎቹ በረድፍ መደርደራቸውና ሽፋናቸው ብርሃን አስተላላፊ መሆኑ ሥራው ያስገደደው ነገር ነው። ቴክኒካዊ ተግባር ብቻ የወሰነው ቅርጽ ጥበቃ አያገኝም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2018 በዶሴራም ጉዳይ እንደወሰነው፣ ሌላ አማራጭ ቅርጽ መኖሩ ብቻውን ለባለንድፉ መከራከሪያ አይሆንም። ስለዚህ ዓይናችሁን በነፃ በመረጣችሁት ላይ ጣሉ፦ የጠርዙ አቆራረጥ፣ የክፈፉ ውፍረት፣ በቁልፎቹ መካከል የተተወው ክፍተት። በአሜሪካ የመመሳሰሉ ሚዛን የባለሙያ ሳይሆን የተራ ገዢ ዓይን ነው። መርሁ የመጣው በ1871 ከተወሰነ የማንኪያና የሹካ እጀታ ክርክር ሲሆን ዛሬም ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ያገለግላል።

ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ የሚነጻጸረው መልክ ሳይሆን የመብቱን ወሰን የሚዘረዝረው ጽሑፍ ነው፤ ሥዕሉ ቢመሳሰልም ከዝርዝሩ አንድ ነጥብ ከጎደለ ክሱ ይላላል። ጽሑፉ «እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስክሪን ያለው» የሚል ከሆነ፣ እንደ ኤልጋቶ ስትሪም ዴክ አንድ ስክሪን ከግልጽ ቁልፎች ሥር ያነጠፈ መሣሪያ ከወሰኑ ውጭ ሊወድቅ ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ስምንት ወሩ ነው። የራሳችሁ ምስል የራሳችሁን አዲስነት፣ ማለትም ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ አለመታየቱን፣ ሊያጠፋ ይችላል። አሜሪካ ለፓተንትም ለንድፍም፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለንድፍ ምስሉ ይፋ ከሆነ በኋላ ለማመልከት የ12 ወር ዕፎይታ ይሰጣሉ፤ በአውሮፓ ለፓተንት ግን ይህ የለም። ምስሉ በኅብረቱ አገሮች የታወቀ ከሆነ ያልተመዘገበ ንድፍ ለሦስት ዓመት ይጠበቃል፤ ያውም መገልበጡን ካስረዳችሁ ብቻ። ስለዚህ የንድፍ ማመልከቻውን በዚህ ወር አስገቡ። ቀን ያለባቸውን ረቂቆች አሰባስቡ፤ የተፎካካሪውን ኪቦርድ ከነደረሰኙ ግዙና አስቀምጡ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ለመላክ ግን አትቸኩሉ፤ እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች መሠረት የሌለው የክስ ዛቻ ራሱ ያስከስሳል።