ፈረንሳይኛ ሳልችል የፈረንሳይኛ ፊልም ኮርስ ልውሰድ ወይ ላልሽው

«ፈረንሳይኛዬ ከቦንዡር አያልፍም፤ ኮሌጃችን ከፌስቲቫል ጋር አያይዞ የሚሰጠውን የፈረንሳይኛ ሲኒማ ኮርስ ልመዝገብ? አማርኛ ፊልም መሥራት ለምፈልግስ ምን ይረባኛል?» ብለሻል።

ተመዝገቢ። እኔም ቋንቋውን ሳልችል ነው የወሰድኩት፤ ሰብታይትል አለልሽ። የሚያስቸግረው ከፊልሙ በኋላ የሚጻፈው ወረቀት ነው። መምህራችን ታሪኩን መልሶ የሚተርክ ወረቀት አይቀበልም ነበር። አንድ ትዕይንት ምረጡ፤ ካሜራው የት ቆሟል፣ ማን ይናገራል፣ ማን ዝም ይላል፣ እሱን ብቻ ጻፉ ይለናል።

ደግሞ የፈረንሳይኛ ሲኒማ ሲባል ፓሪስ ብቻ አይምሰልሽ። እኔን የያዘኝ ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1966 የሠራው «ላ ኑዋር ደ» ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዳካር ልጆች ስትጠብቅላቸው የነበረችውን ዲዋናን ፈረንሳውያን አሠሪዎቿ አገራቸው ይወስዷታል። እዚያ ስትደርስ ሥራዋ ማብሰልና ማጽዳት ብቻ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ መውጣትም የለም። ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ የእናቷ ደብዳቤ ሲመጣ አሠሪው ያነብላታል፣ አስከትሎም ሳያማክራት መልሱን ራሱ መጻፍ ይጀምራል። እሷ ደብዳቤውን ትቀዳድደዋለች። የሆዷን ሁሉ እኛ በፈረንሳይኛ እንሰማለን፣ ለሰዎቹ ግን ከ«እሺ» የዘለለ ብዙም አትናገርም። የወረቀቴ ትዕይንት ያ የደብዳቤው ነበር። ቤሩት ወይ ሪያድ ሰው ቤት የሠራች ዘመድ ያለው ሰው ይህን ፊልም ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

የዳይሬክተሩን የጎዳርን ፊልም በመጀመሪያው ሳምንት ካሳዩሽና እንቅልፍ ከወሰደሽ አትሸማቀቂ፣ ክፍሉ ግማሹ ይተኛል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማሳየው የአኜስ ቫርዳን የ1962 (እ.ኤ.አ.) ፊልም «ክሌኦ ከ5 እስከ 7»ን ነው፦ አንዲት ዘፋኝ የሕክምና ውጤቷን እየጠበቀች ፓሪስን ስትዞር። የታሪኩ ሰዓትና የፊልሙ ሰዓት አብረው ነው የሚሄዱት ማለት ይቻላል። ካየሁት በኋላ ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግሬ ስወጣ ሰው የሚያየኝ፣ እኔም ሰው የማየው በሌላ ዓይን ነበር።

ለአማርኛ ፊልም ምን ይረባል ላልሽው፣ ፌስፓኮን አስቢ። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ውስጥ የሚካሄድ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ነው፣ አገሩ ፈረንሳይኛ የሚነገርበት። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2009 ትልቁን ሽልማት የወሰደው እዚያ ነው። ሴምቤንን ሳታውቂ እዚያ ከሚመጡ ሰዎች ጋር ቁጭ ብለሽ ማውራት ይከብድሻል። ጊዜ ካለሽ ፒያሳ ያለው የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ፣ አሊያንስ፣ የጀማሪ ትምህርቱን ጎን ለጎን ውሰጂ።

ከፊልሙ በኋላ ያለውን ውይይት ታክሲ ያመልጠኛል ብለሽ ጥለሽ አትውጪ፤ በሰፈርሽ በኩል ከሚሄዱት ጋር ራይድ ተጋሩ። ጥያቄ አለኝ ብሎ ሩብ ሰዓት ንግግር የሚያደርግ ሰው መቼም አይጠፋም፣ ታገሺው። ማስታወሻ በወረቀት ያዢ፤ የስልክ ብርሃን ከኋላ ያለውን ያናድዳል።