መልስ፦ ለወንዝ ወርቅ ፍለጋ የሚሆን የጠላቂ ልብስ

ወንድሜ፣ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረቱ ዌትሱት (ገላ ላይ የሚጣበቅ የጎማ የጠላቂ ልብስ) ለበረሳ ወንዝ ይበቃኛል ወይ ላልከው፣ አይበቃህም። የደብረ ብርሃን ውኃ ብርድ ነው፤ ወርቅ ፈላጊ ደግሞ እንደ ዋናተኛ አይንቀሳቀስም፣ ተንበርክኮ ድንጋይ ሲያገላብጥ ይቆያል። ባለ 7 ሚሊ ሜትሩን ያዝ፤ ወደ ጀማ ወንዝ ቆላ ከወረድክ ባለ 5ቱ ይበቃል። ልክክ ይበልብህ፤ ወገቡና ብብቱ ከሰፋ ውኃው እየገባ እየወጣ ሙቀትህን ይወስደዋል። ቶሎ የሚበሳው ጉልበቱ ነውና ወፍራም የጉልበት መከላከያ ደርብበት።

ውኃው እንዳያንሳፍፍህ የምትታጠቀው የእርሳስ (የብረቱ) ክብደት ያለው ቀበቶ በአንድ እጅ ስበህ የምትፈታው ይሁን፤ ከሌላው ዕቃ ሁሉ በላይ ታጠቀው። አየር በሞተር ኮምፕሬሰር (አየር በቱቦ ወደ ታች በሚልክልህ መሣሪያ) የምትስብ ከሆነ የአየር ማስገቢያውን ከጭስ ማውጫው አርቀህ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አድርግ። በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ የለውም፣ ውኃ ውስጥ ሳታውቀው ይገድልሃል። በክረምት ደግሞ ደጋው ሲዘንብ ወንዙ ድንገት ይሞላልና ጨርሶ አትግባ።