ያ ባለመስመር ባዶ ቦታ የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ አካል ጉዳተኞች የመኪና ማቆሚያ ናቸው። ለማታውቁኝ፦ የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። መኪናዬንም ራሴ እነዳለሁ፣ ነዳጁንም ፍሬኑንም በእጅ። እንግዲህ በመልሶቼ ውስጥ አድልዎ ብታገኙ ከየት እንደመጣ አወቃችሁ ማለት ነው።

*

ጥያቄ፦ በምሠራበት ሕንፃ የአካል ጉዳተኛ ምልክት ካለበት ማቆሚያ አጠገብ በሰያፍ መስመር የተቀባ ባዶ ስፍራ አለ። ሞተር ሳይክሌን እዚያ አቆማለሁ። ማቆሚያው ላይ አልቆምኩ፣ መንገድ አልዘጋሁ፤ ጥበቃው ግን በየቀኑ ይጨቀጭቀኛል። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?
— ባለሞተሩ

መልስ፦ ጥበቃው ልክ ነው። ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ከመኪና እንዴት እንደምወርድ ልንገርህ። መጀመሪያ በሩን እስከ መጨረሻው እከፍታለሁ፤ ግማሽ የተከፈተ በር ለእኔ ዝግ ነው። ከዚያ ጋቢና ላይ ያስቀመጥኩትን የዊልቸሩን አካል በደረቴ አሻግሬ አወጣለሁ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እገጥማለሁ፣ ፍሬኑን እይዛለሁ። ቀጥሎ በክንዴ ተደግፌ ከመቀመጫዬ ወደ ወንበሩ እሻገራለሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሞተርህ በምትቆምበት ስፍራ ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህ ማቆሚያ የተሰጠን ለመግቢያው እንድንቀርብ ይመስለዋል። ቅርበቱን አልጠላም። ግን ስፋት ያለው ሩቅ ቦታና ጠባብ የሆነ ቅርብ ቦታ ቢሰጡኝ ሳላመነታ ሩቁን ነው የምመርጠው፤ ጎማ አለኝ፣ እሄዳለሁ።

ሕግ አውጪዎችም ይህን ስለሚያውቁ ባለመስመሩን ስፍራ በሜትር ለክተው ነው የደነገጉት። በአሜሪካው የተደራሽነት ደረጃ መሠረት ማቆሚያው ራሱ ቢያንስ 2.44 ሜትር፣ አጠገቡ ያለው ባለመስመር ስፍራ ደግሞ ቢያንስ 1.52 ሜትር ይሰፋል። በጎን በሩ መወጣጫ ለሚዘረጋ ቫን ከሁለቱ አንዱ ይጨምራል፦ ወይ ማቆሚያው 3.35 ሜትር ይሆናል፣ ወይ ባለመስመሩ 2.44 ሜትር። ከየስድስቱ የአካል ጉዳተኛ ማቆሚያ ቢያንስ አንዱ እንዲህ ለቫን የሚሆን መሆን አለበት። የመሬቱ ተዳፋት እንኳ ተወስኗል፤ በ48 ሜትር ርቀት ከ1 ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ማለት የለበትም። ይህ ለምን እንዳስፈለገ የሚገባው፣ ግማሽ ሰውነቱ መኪና ውስጥ ግማሹ ወንበር ላይ እያለ ወንበሩ ሊንሸራተት ሲጀምር ያየ ነው።

ስደርስ ቦታው ከተያዘ ሌላ ፍለጋ እሄዳለሁ፣ ተናድጄም ቢሆን። የከፋው ስመለስ ነው። አንድ ጊዜ ጉዳዬን ጨርሼ ስወጣ ባለመስመሩ ላይ መኪና ቆሟል። በእሱና በእኔ መኪና መሀል ቀጭን ሰው በጎኑ ቢያልፍ ነው። የማላውቀውን ወጣት ለምኜ፣ መኪናዬን ወደ ኋላ እንዲያወጣልኝ ቁልፌን ሰጠሁት። የእግር ፔዳሎቹ በቦታቸው ስላሉ መኪናው እንደማንኛውም ይነዳል። ግን ከመሪው ሥር አንድ የእጅ ዘንግ አለ፤ ወደፊት ሲገፋ ፍሬን ይይዛል፣ ወደ ታች ሲጫኑት ነዳጅ ይሰጣል። የልጁ ጉልበት ደግሞ ረጅም ነበር። ዘንጉን በጉልበቱ በገጨው ቁጥር መኪናዬ ስትዘል እያየሁ ቆየሁ። ደግነቱ ማንንም ሳትነካ ወጣች። ባለመስመሩ ላይ ያቆመው ሰው ይህን ሁሉ አላየም፤ ሲመጣ ቦታው ባዶ ነበር፣ ሲሄድም ባዶ ነበር።

ሞተር ትንሽ ናት ትለኝ ይሆናል። ትንሽ ናት፤ ግን የምትቆመው በሩ የሚከፈትበት ወይም መወጣጫው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። የዕቃ ጋሪ የሚተዉበትም ሰዎች እግረ መንገዳቸውን ይስሙኝ።

*

ጥያቄ፦ የአካል ጉዳተኛ ማቆሚያ የፈቃድ ካርዱ የእናቴ ነው። እሷን ቤት ካደረስኩ በኋላ መድኃኒቷን ልገዛ ስወጣ ልጠቀምበት እችላለሁ? የምገዛው ለእሷ ነው።
— የእናቱ ልጅ

መልስ፦ አትችልም። ካርዱ የተሰጠው ለእናትህ እንጂ ለመኪናህም ለጉዳይዋም አይደለም። እሷ በጎረቤት መኪና ብትሄድ ካርዱ አብሯት ይሄዳል፤ አንተ ብቻህን ስትወጣ ቤት ይቀራል። እሷን ለመውሰድ ስትሄድ በብዙ አገር ይፈቀዳል፤ መንገዱ የእሷ ነውና።

አንተ ያልጠየቅከውን ልጨምር፣ ብዙዎች ስለሚያደርጉት። እናትህ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ አንተ ብቻ የምትወርድ ከሆነ ተራ ቦታ ላይ ቁም። እግር ያለው ወራጅ አንተ ነህ። ካርዱን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ሁለተኛ መኪና ላይ መስቀል ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ ለዚህ ሌላ ስም አላውቅለትም።

*

ጥያቄ፦ የልብ ድካም አለብኝ። ሐኪሜ ፎርሙን ሞልቶልኝ ካርዱን በደንቡ መሠረት ነው ያገኘሁት። ሆኖም ከመኪና ስወርድ ቀጥ ብዬ ስለምራመድ ሰው ያፈጥብኛል። በቀደም አንዲት ወጣት «በዚህ ዕድሜዎ አያፍሩም?» አለችኝ። ምን ልመልስ?
— ጡረተኛው

መልስ፦ አባቴ፣ እኔን በሕይወቴ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ዊልቸሬ ይመሰክርልኛል፤ የእርስዎ ልብ ግን ደረትዎ ውስጥ ነው።

ለዚህ አለመግባባት ሥዕሉም ትንሽ ድርሻ አለው። ዓለም የሚያውቀውን የወንበር ምልክት እ.ኤ.አ. በ1968 የነደፈችው ሱዛነ ኮፎድ የምትባል የዴንማርክ ተማሪ ናት። በመጀመሪያው ንድፍ ራስ እንኳ አልነበረውም፤ የሰው መልክ የሰጠችው ክብ የታከለችው በኋላ ነው። ምልክቱ ግሩም ነው፣ ከሩቅ ይታያል። ያየው ሰው ግን ወንበር ይጠብቃል፣ ወንበር ሲያጣ ሌባ ያገኘ ይመስለዋል።

ሕጉ ከሥዕሉ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የወጣው የፌዴራል ደንብ ካርዱ ይገባቸዋል ካላቸው ውስጥ ከባድ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ሳንባቸው የደከመ፣ ኦክስጅን ይዘው የሚንቀሳቀሱ፣ እንዲሁም ሳያርፉ 61 ሜትር መራመድ የማይችሉ ሰዎች አሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በዓይን ለማይታዩ ጉዳቶች በሯን ይበልጥ ከፍታለች። መንገደኛው የሚያየው የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎችዎን ነው፤ ሐኪሙ የሚያውቀው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው።

ስለዚህ ለመንገደኛ ሕመምዎን የመዘርዘር ግዴታ የለብዎትም። «ካርዱ የራሴ ነው» ይበሉና ይለፉ። ትራፊክ ፖሊስ ወይም የማቆሚያው ተቆጣጣሪ ሲጠይቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የማየት ሥልጣን ካለው ያለ ቅሬታ ያሳዩት። ቁጥጥሩ ሲላላ ቦታችንን የሚወስዱት ካርድ የሌላቸው ናቸው።

ልጅቷንም ብዙ አልፈርድባትም። ለእኔ ልትሟገት ነበር፣ ሳትጠየቅ። እንዲህ ያለ ቅንዓት ያለው ሰው የሰውየውን እግር ትቶ መስታወቱን ይይ፤ ካርድ ከሌለ ታርጋውን ለጥበቃው ይንገር።

*

ጥያቄ፦ በክራንች ነው የምሄደው። ካርድ አለኝ። ለተወሰነ ጊዜ ሌላ አገር ልሄድና መኪና ልከራይ ነው። ካርዴ እዚያ ይሠራል?
— መንገደኛዋ

መልስ፦ እንደምትሄጂበት አገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ዓይነት ካርድ እንዲኖር ተስማምተው አንዱ የሌላውን ሲቀበል ቆይቷል፤ በ2024 ደግሞ አስገዳጅ ሕግ ወጥቶለታል። በአሜሪካም አንዱ ግዛት የሰጠውን ሌላው ያከብራል። ከእነዚህ ውጭ ከሆንሽ ግን ሳትነሺ ለምትሄጂበት ከተማ የትራፊክ መሥሪያ ቤት ጽፈሽ ጠይቂ፤ ለእንግዳ ጊዜያዊ ካርድ የሚሰጡ አሉና። የሐኪም ማስረጃሽንም በዚያ አገር ቋንቋ አስተርጉመሽ ያዢ።

መኪናውን ስትከራዪ አውቶማቲክ ብቻ ብለሽ አትተይው። ክራንቹ ከየትኛው ወገን እንደሚገባ፣ በሩ ምን ያህል እንደሚከፈት፣ መቀመጫው ከፍታው ስንት እንደሆነ ጠይቂያቸው። የእጅ መቆጣጠሪያ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ደግሞ ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው፤ በዕለቱ የሚገጠም ነገር አይደለም።

እዚያ ስትደርሺ የቆምሽበትን ሰሌዳ አንብቢ። በአንዱ ቦታ ካርዱ ከክፍያ ነፃ ያደርግሻል፣ በሌላው እንደ ሁሉ ሰው ትከፍያለሽ፤ በአንዳንዱ የሰዓት ገደብ አለው። የሚሰቀል ዓይነት ካርድ ከሆነ ደግሞ ከመንቀሳቀስሽ በፊት ከመስታወቱ አውርጂው፣ እይታ ይከልላል።