የቆመ ዎኪንግ ትራክተር፦ ሞተሩን ከማስፈታትህ በፊት ናፍጣውን እየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። አባትህ የገዙት ባለ ሁለት ጎማ ዎኪንግ ትራክተር ሐሙሲት ግቢያችሁ ውስጥ ሁለት ክረምት ቆሟል። አሁን ስታዞረው አንዴ ነጭ ጭስ ያወጣና ይጠፋል። መካኒኩ ደግሞ “ሲሊንደሩ አልቋል፣ ይፈታና ቶርኖ ቤት ይሂድ” ብሎሃል። ላሰራው ወይስ ለብረታ ብረት ልሽጠው ነው ያልከው።

ገና አትሽጠው። ሞተሩንም ማንም እንዳይፈታው። ምክንያቱም እንዲህ ቆሞ የከረመ ናፍጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው ሲሊንደሩ ሳይሆን ናፍጣው ነው። እኔ ባሕር ዳር ነኝ፣ መካኒክም አይደለሁም። ግን የራሴንም የጎረቤትንም እንዲህ ያሉ ሞተሮች ጓሮዬ ውስጥ ስፈታ ስገጥም ዓመታት አልፈዋል። “አለቀ” ተብለው መጥተው ታንካቸው ታጥቦ ብቻ የሄዱ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን የብረት ሳህን አንብባት። ፎቶ አልላክህም እንጂ በእኛ አካባቢ ብዙዎቹ ቻይና ሠራሽ ኤስ195 ወይም የእሱ ዘመዶች ናቸው። 1 ማለት ባለ አንድ ሲሊንደር፣ 95 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 12 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 2000 ዙር። ያንተ እሱ ከሆነ ደግሞ የቶርኖ ቤቱ ነገር፣ ማለትም ሲሊንደሩን በማሽን ማስፋቱ፣ ራሱ አይገባኝም። የዚህ ሞተር ካሚቻ (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ቱቦ) ተነቅሎ በአዲስ የሚተካ ነው፣ ከፒስተኑና ከፋሻው (ከፒስተኑ ቀለበቶች) ጋር አብሮ ይሸጣል። ቢያልቅ እንኳ ትገዛለህ፣ ትቀይራለህ። ማስፋት ምን ያደርጋል?

እሺ፣ ማለቅ አለማለቁን ሳትፈታ እንዴት ታውቃለህ? ናፍጣውን ዝጋ። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ያለችውን ትንሽ የኮምፕሬሽን (የአየር እመቃ) ማንሻ ሳትነካ ቮላኖውን፣ ማለትም በጎኑ ያለውን ከባድ ጎማ፣ በእጅህ ቀስ ብለህ አዙር። ጤነኛ ሞተር አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ እምቢ ይላል፣ ከለቀቅከው ወደ ኋላ ይመልስሃል። እንደዚያ ካደረገ ኮምፕሬሽኑ አለ ማለት ነው፣ ወሬውን ተወው። ዝም ብሎ ካለፈ በአየር መግቢያው በኩል አንድ ሁለት ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምርና ጥቂት አዙረህ እንደገና ሞክር። አሁን ከጠነከረ ችግሩ ፋሻው ወይም ካሚቻው ላይ ነው። ካልተለወጠ ቫልቮላውን (የአየርና የጭስ በሩን) ወይም የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (በመሀል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥር። ቆሞ የከረመ ሞተር ደግሞ ቫልቮላው በዝገት ሳይዘጋ ይቀርና ኮምፕሬሽን የሌለው ይመስላል። ክዳኑን ከፍተህ የቫልቮላውን ጫፍ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያልክ መታ መታ ብታደርገው፣ ትንሽ ናፍጣም ብታጠጣው ይለቃል። ቮላኖው ጭራሽ አልዞር ካለ ግን በማንቬላ (በማስነሻው እጀታ) አትታገለው። ኢንየቶሬውን (ናፍጣ ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨውን) አውጣና በቀዳዳው ናፍጣና ዘይት ቀላቅለህ ጨምር፣ አሳድረው፣ በማግስቱ ወዲያና ወዲህ አወዛውዘው። ካልለቀቀ ድገመው። በጉልበት የተሰበረ ፋሻ ካሚቻውንም ይዞት ይሄዳል።

የአየር ፊልትሮውንና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ሳትከፍት እንዳታስነሳ። አይጥ ጎጆ ትሠራበታለች፣ ተርብም ይገባበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ናፍጣው። ታንኩ ውስጥ ያለው ሁለት ክረምት ያደረ ናፍጣ ነው። ጎዶሎ ታንክ ማታ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛው ታች ይወርዳል፣ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ደግሞ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ይበቅላል። በሐይቁ ዳር እርጥበት ይህ የታወቀ ነው። የእኛ ነገር ደግሞ በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ይበዛበታል፣ ጀሪካኑ ከዚያ በፊት ምን እንደያዘ አይታወቅም። ስለዚህ የነበረውን በሙሉ አውጣው፣ ለሞተሩ አትመልሰው። ታንኩን አውርደህ በትንሽ ንጹህ ናፍጣ እያንቀጠቀጥክ እጠብ። የምትሞላውን አዲስ ናፍጣ ቢያንስ አንድ ሌሊት በጀሪካን አስቀምጠህ አዝቅጠውና የላይኛውን ብቻ በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልለህ ጨምር። ግርጌዋን ለማጠቢያ አስቀራት። ፊልትሮው ርካሽ ነው፣ አትጠበው፣ ቀይረው።

ይህን ሁሉ ስትሠራ መስመሩ ውስጥ አየር ይገባል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው “አሁንም አልነሳም” ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው። ናፍጣ ሞተር አየር ከያዘ ቀኑን ሙሉ ብታዞረው አይነሳም። የታንኩን ቧንቧ ክፈት። ናፍጣውን በግፊት ወደ ኢንየቶሬው የሚልከው ፖምፓ ላይ ናፍጣ የሚገባበትን ቡሎን ትንሽ አላላው። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ አረፋው ጠፍቶ ናፍጣ ብቻ ሲፈስ አጥብቀው። ከዚያ ወደ ኢንየቶሬው የሚሄደውን ቀጭን የብረት ቱቦ ጫፉ ላይ አላላው፣ የኮምፕሬሽን ማንሻውን ይዘህ በማንቬላ አዙር፣ ናፍጣው ቱፍ ቱፍ ማለት ሲጀምር አጥብቅ። እንደገና አዙርና ጆሮህን ስጠው። ኢንየቶሬው በየዙሩ ጥርት ያለች “ጭክ” የምትል ድምፅ ካሰማ እየረጨ ነው። ድምፁ ከሌለ ወይ አየር አልወጣም ወይ ኖዝሉ (የኢንየቶሬው ጫፍ) ተዘግቷል። አንድ ነገር አደራ፦ ኢንየቶሬው ወጥቶ ሲረጭ እጅህን ፊቱ እንዳታደርግ። ግፊቱ ከ100 ባር በላይ ነው፣ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል፣ የዚያ ቁስል ሆስፒታል እንጂ ቤት የሚታከም አይደለም።

ፖምፓውንና ኖዝሉን ቤት አትፍታ። ልካቸው በጣም ጠባብ ነው፣ በዓይን የማትታይ አቧራ ትበቃቸዋለች። የናፍጣ ፖምፓ የሚሠሩ ልጆች ዘንድ ውሰደውና መለኪያ ላይ አድርገው ሲረጭ አሳየኝ በላቸው። እንደ ጉም መበተን አለበት፣ ካንጠባጠበ ነጭ ጭስህ ከዚያ ነው የሚመጣው። ፖምፓው ከሞተሩ ሲወርድ ከሥሩ ያሉትን ስስ ወረቀቶች ቁጥራቸውን አይተህ ያዝ። የመርጨት ሰዓቱ የሚስተካከለው በእነሱ ውፍረት ነው፣ አንዷ ብትጠፋ ሞተሩ ወይ ያንኳኳል ወይ ይሰንፋል።

ናፍጣው ከተስተካከለ በኋላ የቫልቮላ ክፍተቱን ለካ። ለኤስ195 ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ማስገቢያው 0.35፣ ማስወጫው 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላ ሞዴል ከሆነ ይህን ቁጥር አትጠቀም፣ ሌላ ልክ አለው። የጎኑን ትልቅ ክዳን ግን ያለ ምክንያት አትክፈት። ውስጡ ያሉት ማርሾች በነጥብ የተጣጣሙ ናቸው፣ ነጥቡን ሳያይ አንዱን የነቀለ ሰው ሲመልሰው ይሳሳታል።

ሲነሳልህ ደግሞ “ውሃው ፈላ፣ ሞተሩ ተቃጠለ” ብለህ እንዳትደነግጥ። የዚህ ሞተር ማቀዝቀዣ ክፍት ጋን ነው፣ ራዲያተር የለውም፣ ውሃው እየፈላና እየተነነ ነው የሚያቀዘቅዘው። እኛ ደግሞ ከባሕር ወለል ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። መፍላቱ አይደለም የሚያስፈራው፣ ማለቁ ነው። ቀይዋ ተንሳፋፊ ምልክት ስትወርድ ውሃ ጨምር። ጋኑ ደርቆ ከደረስክበት ግን ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትደፋበት፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል። አጥፍተህ ጠብቀው። ውሃው ንጹህ ይሁን፣ የጣናን ድፍርስ በባልዲ ቀድቶ መሙላት የተለመደ ነው ግን ጭቃው ግርጌ ላይ ይጋገራል። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ካላችሁ ከሁሉ ይሻላል።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲተያይ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ሳህኑ ላይ የተጻፈውን 12 የፈረስ ጉልበት ሙሉውን አታገኘውም። ይህን ያልተረዳ ሰው “ጉልበት አነሰው” ይልና ፖምፓውን ናፍጣ እንዲጨምር ያስተካክለዋል። ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ ትኩሳትና ባዶ ኪስ ነው። ዋልካ ላይ ከተቸገረ ማርሽ ቀንስ፣ ጥልቀቱን ቀንስ። የአየር ፊልትሮው ሥር ያለውን ዘይትም እይ፣ በበጋ አቧራ ቶሎ ጭቃ ይሆናል። እሱን ችላ ማለት ነው ፋሻ የሚበላው፣ ሥራ ብዛት አይደለም።

ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) አትርሳ። ፎገራ ወርዶ የሩዝ ማሳ ውስጥ የሠራ ትራክተር ከሆነ በጎማው አክሱል ላይ ባለው ሲል (ዘይት እንዳይወጣ በሚይዘው ጎማ) በኩል ውሃ ሳይገባው አይቀርም። የታችኛውን ቡሎን ትንሽ ፍታና የሚወጣውን እይ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቷል፣ ሙሉውን አፍስስ፣ ሲሉን ቀይር፣ አዲስ ሙላ። የሞተሩም ዘይት እንዲሁ ከነጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ በካሚቻው ሥር ያሉት የጎማ ቀለበቶች አፍስሰዋል ማለት ነው፣ ያኔ ካሚቻው መውጣቱ አይቀርም። ቺንጋዎቹን (ከሞተሩ ጉልበት የሚያስተላልፉትን ቀበቶዎች) ስትቀይር ሁሉንም አንድ ላይ ቀይር። አንዱን አዲስ ከሁለት አሮጌ ጋር ካደረግከው ጭነቱን ብቻውን ይሸከምና ቶሎ ይበጠሳል።

የምትገዛውን ዕቃ ሁሉ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ባለሱቁ “ያው ነው” ቢልህም ጎን ለጎን አድርገህ ለካው። ተመሳሳይ የሚመስሉ የአር180 እና የኤስ195 ዕቃዎች እየተደባለቁ ይሸጣሉ።

አሁን ስለ ማስነሳቱ። ዕድሜዬ ይበቃኛል የሚል ሰው ብቻ ነው ማንቬላን አውራ ጣቱን አዙሮ ጨብጦ የሚይዘው። አውራ ጣትህ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል ይሁን፣ ወደ ኋላ ቢመታህ እጅህን ይለቅሃል። በሰነፍ አዟዟር ከተነሳ ደግሞ እነዚህ ሞተሮች አንዳንዴ ተገልብጠው ይዞራሉ። ጭሱ በማርሚታው ሳይሆን በአየር ፊልትሮው ሲወጣ ካየህ ተገልብጧል፣ ወዲያው ናፍጣውን ዝጋ። በዚያ አዟዟር ዘይት በትክክል አይዳረስም። በትክክል ሲነሳ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት ምልክት ብቅ ማለት አለባት፣ ካልወጣች አጥፋው።

ታናሽ ወንድምህ ይነዳዋል ስላልክ ይህን ንገረው። ሜዳ ላይ የግራውን መሪ ፍሪሲዮን (ያንን ጎማ ከሞተሩ የሚያላቅቀውን የመሪ ማንሻ) ሲይዝ ወደ ግራ ይታጠፋል። ጋሪ ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ ግራውን ሲይዝ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ምክንያቱም የተለቀቀው ጎማ በክብደቱ ይፈጥናል፣ ሌላውን ሞተሩ ይይዘዋል። ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ጋዙን ቀንሶ፣ መሪውን በትከሻው እየገፋ ይምራው እንጂ እነዚያን ማንሻዎች አይንካ። ማርሽ አውጥቶ መውረድ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ታንኩን አጥበህ አየሩን ካስወጣህ በኋላ የሳህኑን ፎቶና የጭሱን ቀለም ለጥፍልን። ነጭነቱ ከቀጠለ ኖዝሉን ነው ቀጥሎ የምናየው፣ ሰማያዊ ከሆነ ግን ዘይት እየበላ ነውና ያኔ ስለ ፋሻ እናወራለን።