መጀመሪያ በእግራችሁ ሂዱበት

ውድ ልጆቼ፣

አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በመንገድ ሥራ ላይ ነው። ቀያሽ ነበርኩ። መንገድ ከመሠራቱ በፊት ቀድሞ ሄዶ መሬቱን የሚለካ ሰው ማለት ነው። ሥራው ብዙ ገጠር አዙሮኛል፣ ብዙ ትንንሽ ከተሞችም አሳድሮኛል። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጠዋት ጠዋት በእግሬ መውጣቱን ግን አልተውኩም። የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፦ አዲስ ቦታ ስትደርሱ መጀመሪያ በእግራችሁ ሂዱበት።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ያልፋል። ይህንኑ 22 ሜትር በእግር ለመሄድ 15 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በ15 ሰከንድ ዓይን ብዙ ያያል። በአንዷ ሰከንድ ግን ዛፍ መኖሩን እንጂ ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ደረቅ ሣር አታዩም።

ስለዚያ ደረቅ ሣር ላጫውታችሁ። ወጣት ሳለሁ አንድ ትንሽ ጅረት ላይ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ የሚቀበርበትን ቦታ እንድመርጥ ተላክሁ። ወቅቱ ደረቅ ነበር፤ ጅረቱ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ለካሁ፣ ዝቅተኛውን ቦታ አገኘሁ፣ ምልክት አደረግሁ። ከብት የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ “ልጄ፣ ውሃው ሲመጣ እኮ በዚህ ብቻ አይደለም የሚያልፈው” አሉኝ። በእጃቸው ራቅ ያለ ዛፍ አሳዩኝ። አመስግኜ ሥራዬን ቀጠልኩ። መሣሪያዬን ነበር ያመንኩት።

ዝናቡ ሲገባ ጎርፉ ቱቦውን ትቶ በዛፉ በኩል መንገዱን ቆርጦት ሄደ። ተመልሼ ዛፉ ሥር ቆምኩ። ወገቤ ድረስ ባለው ቅርንጫፍ ላይ ሣርና ጭራሮ ተጠላልፏል፤ ገና ጭቃው አልረገፈም። ከእሱ ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ አለ፣ ፀሐይ ያነጣው፣ የቆየ። ጎርፍ ቁመቱን እንዲህ ዛፍ ላይ ትቶ ነው የሚሄደው። ያን ቀን አሥር ደቂቃ ተራምጄ ቢሆን ኖሮ አየው ነበር። መንገዱ ተጠገነ። እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ ያልሰማኋቸው ሰውዬ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ መሬት ላይ ያለውን ማንበብ ለመድኩ። ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ የእግር መንገድ ድንገት ዞር ካለ ምክንያት አለው፤ ብዙ ጊዜ ዝናብ ሲመጣ የሚረግረግ ቦታ እየሸሸ ነው። አካባቢው ሁሉ ደርቆ አንዲት ጥግ ብቻ ከለመለመች፣ ውሃው ቅርብ ነው። ዛፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ ነፋሱ ከየት እንደሚበረታ ነገሯችሁ ማለት ነው። መብረቅ ካያችሁ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩና ለሦስት አካፍሉት፤ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ነው። የቆጠራችሁት ሰከንድ ከ30 ካነሰ ግን ሒሳቡን ተዉት፤ ሜዳ ላይ አትቆዩ፣ ዛፍ ሥርም አትጠለሉ። አደራ፣ ይህቺን አትርሱ።

ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል የስዊዘርላንድ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1941 ከውሻው ጋር በእግሩ ወጥቶ ሲመለስ፣ ልብስ ላይ እየተጣበቀ የሚያስቸግረው ዓይነት የዱር ፍሬ ተለጥፎባቸው አገኘ። እኛ ብንሆን አራግፈን እንገባለን። እሱ በማይክሮስኮፕ አየው። ጫፉ ላይ ጥቃቅን መንጠቆዎች አሉት። ዛሬ ጫማና ቦርሳ ላይ ያለው፣ ሲላቀቅ “ችርር” የሚለው ቬልክሮ የመጣው ከዚያ ነው።

ሥራ ትንሽ ከተማ ካሳደራችሁ ደግሞ፣ “እዚህ ምንም የሚታይ ነገር የለም” አትበሉ። ይህ አነጋገር ያናድደኛል። ሱቆች ሳይከፈቱ ውጡ። ደጁን ቀድሞ የሚጠርገው ማን እንደሆነ እዩ። የየትኛው ቤት ደረጃ መሃሉ ተበልቷል? ከሰዓት በኋላ ሰው በየትኛው ጎን ነው የሚሄደው? ጥላው ያለበት ጎን ነው፤ አንድ ዛፍ ሲቆረጥ የሰዉም አካሄድ ይለወጣል። ሰላም ማለቱን እናንተ ቅደሙ። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ስትጠይቁም እስኪጨርሱ አዳምጡ፤ እኔ ያላደረግሁት ይህንን ነው።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሦስት መስመር ጻፉ። እርሳስ ይሻላል፤ ዝናብ ቢነካው እንደ ቀለም አይፈስም። የእኔ ደብተሮች ውሃ ነክቷቸው እንኳ ዛሬም ይነበባሉ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ አዲስ የድንጋይ ደረጃ አየሁ። ያማረ ሥራ ነው። አጠገቡ ግን ሣሩን ሰንጥቆ የሚወጣ ቀጭን የእግር መንገድ አለ፣ በደንብ የተረገጠ። ሰዉ ደረጃውን ለምን ተወው? ብዙ ቆሜ አየሁ፣ አልገባኝም። አንዲት ተማሪ ስታልፍ ጠየቅኋት።

“ሲዘንብ ያንሸራትታል፣ አባባ” አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ድንጋዩን ዳሰስኩት። ልሙጥ ነው። ደብተሬን አውጥቼ ያለችኝን ጻፍኩ።